የታካሚን ቆዳ አይቶ መመዝገብ፦ ለጤና ኮሌጅ ተማሪዎች

ጤና ጣቢያ ለተግባር ልምምድ ስትወጡ በየቀኑ የምትሰሙት ቃል «ያሳክከኛል» ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «አለርጂ ነው መሰለኝ» ነው። ታካሚው ስሙን ራሱ አውጥቶለት ይመጣል። እኛም ቶሎ እንስማማለን። ካርዱ ላይ «አለርጂ» ይጻፋል፣ አንድ ቱቦ ቅባት ይታዘዛል። ከሳምንታት በኋላ ታካሚው ሽፍታው ሰፍቶ ይመለሳል።

ከዚህ የሚያድነው ቀላል ልማድ ነው። የበሽታው ስም መጨረሻ ይምጣ። መጀመሪያ ጠይቁ፣ እዩ፣ ንኩ፣ ያያችሁትን ግለጹ። መድኃኒት ማዘዝ የሐኪሙ ወይም የጤና መኮንኑ ሥራ ነው። ግን ታካሚውን በደንብ አይታችሁ የጻፋችሁት ሦስት መስመር የእሱንም ውሳኔ ይለውጣል።

1. ሦስቱን ሽፋኖች ለሥራ ያህል እወቁ

የአዋቂ ሰው ቆዳ ቢዘረጋ ከ1.5 እስከ 2 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሦስት ሽፋን አለው።

የላይኛው ኤፒደርሚስ ነው። ደም ሥር የለውም። ስለዚህ ጭረት ከደማ ኤፒደርሚስን አልፎ ገብቷል ማለት ነው። ሕዋሳቱ ከሥር ይፈጠራሉ፣ ወደ ላይ እየተገፉ ይደርቃሉ፣ ከዚያ ይራገፋሉ። ይህ አራት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ቁጥሯን ያዟት። ጭርት የያዘው ሰው «አምስት ቀን ተቀብቼ ምንም ለውጥ የለም» ሲላችሁ ትጠቅማችኋለች። ፈንገሱ የሚኖረው በደረቀው ላይኛው ንብርብር ውስጥ ነው። ያ ንብርብር እስኪታደስ ቅባቱ መቀጠል አለበት።

ቀለም የሚሠሩት ሜላኖሳይቶችም የሚገኙት በዚሁ ሽፋን ግርጌ ነው። የጠይሙም፣ የቀዩም፣ የፈረንጁም ቆዳ የሜላኖሳይት ብዛቱ ተቀራራቢ ነው። የሚለያየው የሚሠሩት ቀለም መጠንና አሰረጫጨት ነው። የእኛ ቆዳ በተቆጣ ቁጥር ጥቁር ምልክት የሚተወውም ለዚህ ነው። ብጉሩ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ጥቁረት ጠባሳ አይደለም፤ የፈሰሰ ቀለም ነው። በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ይህን ለአንዲት ወጣት ብትነግሯት ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ከመግዛት ልታድኗት ትችላላችሁ።

ከሥሩ ደርሚስ አለ። ደም ሥሩ፣ ነርቩ፣ የላብና የቅባት ዕጢው፣ የፀጉር ሥሩ እዚህ ነው ያለው። ጥልቅ ብሎ ደርሚስን የጎዳ ቁስል ጠባሳ ይተዋል። የቢሲጂ ክትባትና የቲቢ የቆዳ ምርመራ የሚሰጡት እዚሁ ውስጥ ነው። መርፌው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ተጋድሞ ይገባል። በትክክል ከገባ ቆዳው ወዲያው ትንሽ እብጥ ይላል። ካላበጠ ዘልቆ ወደ ስቡ ገብቷል።

ሦስተኛው የስብ ሽፋን ነው። ኢንሱሊን የሚወጋው እዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቆዳ በዓይን ቆብ ላይ በጣም ስስ ነው፣ በውስጥ እጅና በውስጥ እግር ደግሞ ወፍራም። ለተረከዝ የታዘዘ ጠንካራ ቅባት ፊት ላይ የማይቀባው ለዚህ ነው። ታካሚዎች ግን የተረፋቸውን ቱቦ ለሁሉም ነገር ይጠቀሙበታል፤ ለጎረቤትም ያውሱታል።

2. ቦታውንና ዕቃውን አዘጋጁ

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ጥጥ፣ ማስመሪያ፣ እስክሪብቶ፣ የእጅ ባትሪ፣ የላቦራቶሪ ስላይድ ወይም ሌላ ግልጽ ብርጭቆ፣ ጓንት። በቃ።

ዋናው ብርሃን ነው። ታካሚውን መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። የቀን ብርሃን ከጣሪያ አምፖል ይበልጣል። ባትሪውን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አብሩት። ያኔ ከፍ ያለው ከፍ ብሎ፣ ጎድጎድ ያለው ጎድጉዶ ይታያችኋል።

እጃችሁን ታጠቡ። ቁስል፣ ፈሳሽ ወይም እከክ የሚመስል ነገር ካለ ጓንት አድርጉ። ደህና የሚመስለውን ቆዳ ግን በባዶ ጣት መንካት ይሻላል። ሙቀትና ሻካራነት በጓንት በኩል አይነበብም።

መጋረጃው ይዘጋ። ሴት ታካሚ ስትሆን ሴት ባልደረባ አብራችሁ ትኑር። «ይልበሱ፣ ይበቃል» እስክትሉ ድረስ ራቁት አታቆዩ፤ አንዱን ክፍል አይታችሁ ሸፍናችሁ ወደ ሌላው እለፉ።

ስለ ስልክም ላንሳ። ፎቶ ማንሳት ለክትትል ይጠቅማል። ግን ፈቃድ ጠይቁ፣ ፊት አታስገቡ፣ የክፍላችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁ። «ለትምህርት ነው» የሚለው ምክንያት አይሆንም።

3. ከማየታችሁ በፊት ጠይቁ

መቼ ጀመረ? ከየት ጀመረ? ወዴት ሄደ? ያሳክካል፣ ያምማል ወይስ ዝም ብሎ ነው? ማታ ይብሳል? ቅርብ ጊዜ የተጀመረ መድኃኒት አለ?

ሁለት ጥያቄዎች ግን እንዳይረሱ። አንደኛው፦ «እማማ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያካው ሰው አለ?» የሚል ነው። «ልጆቹም ያካሉ፣ ሠራተኛዋም ጀምሯታል» ካሏችሁ የምርመራውን ግማሽ አገኛችሁ። ሁለተኛው፦ «እስካሁን ምን ቀቡበት?» ነው። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛ ክሬም፣ ሁሉም ሊኖር ይችላል። ሳትቆጡ ጠይቁ። ከተቆጣችሁ አይነግሯችሁም። ቱቦውን ይዘው እንዲመጡ ብትጠይቁ ደግሞ የበለጠ ነው። ብዙ ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባለው ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ውስጡ ይገኛል።

4. እዩ፣ ግን በእኛ ቆዳ ቀለም

በብዙ መማሪያ መጻሕፍት ላይ ያለው ሥዕል የነጭ ሰው ቆዳ ነው። «ቀይ ሽፍታ» ይላል። እናንተ ደግሞ ጠይም ክንድ ላይ ቀይ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። አታገኙትም። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የተቆጣ ቦታ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር ቡናማ ወይም አመድማ ሆኖ ይታያል። አንዳንዴ በዓይን ጨርሶ አይለይም። ስለዚህ ሦስት ነገር አድርጉ፦ የታመመውን ጎን ከደህናው ጎን አስተያዩ፣ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ለኩ፣ ቆዳው ተወጥሮ የሚያብለጨልጭ መሆኑን እዩ።

የደም ማነስን በዓይን ቆብ ውስጥ፣ በምላስና በመዳፍ ፈልጉ። ቢጫነትን በዓይን ነጭ ላይ። የኦክስጅን ማነስን በከንፈርና በድድ። ክንድ ላይ ብቻ አይታችሁ «የለም» አትበሉ።

ከራስ ቅል ጀምሩ፣ ጥፍር ላይ ጨርሱ። ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ እንብርት ዙሪያ፣ በጣቶች መካከል፣ ውስጥ እግር። የውስጥ እግርን የሚያይ ጥቂት ነው። በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ግን እዚያው፣ መዳፍ ላይ ወይም ጥፍር ሥር ነው። እያደገ የሚሄድ ጥቁር ምልክት እዚያ ካያችሁ ንገሩ።

5. ንኩ፣ ጫኑ፣ በጥጥ ፈትሹ

መጀመሪያ በጣት ዳሱት። ከፍ ብሏል? ይሻክራል? ጠጥሯል?

ቀጥሎ ስላይዱን ጫን አድርጉበት። ቀለሙ ከጠፋ ደሙ ደም ሥር ውስጥ ነው። ካልጠፋ ደም ከደም ሥር ወጥቷል። ትኩሳት ያለው ልጅ ላይ ሲጫን የማይጠፋ ነጠብጣብ ካያችሁ ሩጡ። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ወረፋ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ጥጡ። ቀለሙ የደበዘዘ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ባያችሁ ቁጥር ይህን አድርጉ። ከጥጡ ጫፍ ትንሽ አሹላችሁ አውጡ። ታካሚው ዓይኑን ሳይጨፍን መጀመሪያ ደህና ቆዳው ላይ አሳዩት። «አባባ፣ እንዲህ ስነካዎት በጣትዎ ቦታውን ያሳዩኛል። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ።» ደህናውን ንኩ፤ ያሳያሉ። ሌላ ደህና ቦታ ንኩ፤ ያሳያሉ። ከዚያ ምልክቱን መሐል ለመሐል ንኩ። እጃቸው ካልተንቀሳቀሰ አትናገሩ። እንደገና ደህናውን ንኩና ወደ ምልክቱ ተመለሱ። ጥጡን አትጎትቱ፣ ነካ አድርጋችሁ አንሱት። «ተሰማዎት?» ብላችሁም አትጠይቁ። ጥያቄው ራሱ መቼ እንደነካችሁ ይነግራቸዋል።

ምልክቱ ላይ በእርግጠኝነት ስሜት ከሌለ የሥጋ ደዌ ነው ብላችሁ አሳውቁ። ሌላ የሚያሳክክ፣ የሚያምም ነገር አትጠብቁ። የሥጋ ደዌ ሰው የሚዘገይበት ምክንያት ይኸው ነው፤ አያሳክክም፣ አያምም። የክርን ውስጠኛ ጎን ላይ ያለውን ነርቭ ዳስሱ። ወፍሯል? ትንሿን ጣት ገፍተው እንዲይዙ ጠይቋቸው። ደክማለች?

ጥጡን ለማሾል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ነርቭ ከሞተ በኋላ ግን ጣት አይመለስም።

6. ያያችሁትን በትክክለኛ ቃል ግለጹ

ጠፍጣፋ የቀለም ለውጥ ማኩል ነው። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ከፍ ያለ ጠጣር ምልክት ፓፑል ይባላል፤ ከዚያ የሰፋና ላዩ ጠፍጣፋ ከሆነ ፕላክ፣ ወደ ውስጥ የጠለቀ ጉብታ ከሆነ ኖዱል። ውኃ የቋጠረች ትንሽ ምልክት ቬሲክል፣ ትልቅ ከሆነች ቡላ፣ መግል ከያዘች ፐስቱል። ደርሚስን የበላ ቁስል አልሰር ነው።

ስሙ ቢጠፋችሁ በአማርኛ ጻፉት። «መሐሉ የጠራ፣ ዳሩ ከፍ ብሎ የሚፈረፈር፣ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ» ብሎ የጻፈ ተማሪ «ሽፍታ አለው» ካለው በብዙ ይበልጣል። መጠኑን በማስመሪያ ለኩ። «የሳንቲም ያህል» አትበሉ፣ የትኛው ሳንቲም?

7. አሁን ወደ ስሙ

እከክ። ማታ የሚብስ ማሳከክ፣ ቤተሰብ ውስጥ ሌላም የሚያካ፣ በጣቶች መካከል፣ አንጓ ላይ፣ ብብት፣ እንብርት ዙሪያ፣ መቀመጫና ብልት ላይ ትንንሽ ፓፑሎች። ሕፃናት ላይ ፊትንም፣ መዳፍንም፣ ውስጥ እግርንም ይይዛል። ምክንያቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የምታንስ ቆዳ ውስጥ የምትቆፍር ተባይ ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሳያውቅ ሌላውን ያስይዛል። በ2015 እና 2016 እ.ኤ.አ. ድርቅ ጊዜ በአማራና በሌሎች ክልሎች የተስፋፋው ይኸው እከክ ነበር፤ ያኔ አይቨርሜክቲን በጅምላ ተሰጥቷል።

እከክ የማይድነው መድኃኒቱ ስለማይሠራ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አቀባቡ ነው። እዚህ ላይ የእናንተ ምክር ከማዘዣው እኩል ነው። የታዘዘው ፐርሜትሪን 5 በመቶ ከሆነ ከአንገት እስከ እግር ጣት ይቀባል፤ የሚያሳክከው ቦታ ብቻ አይደለም። ጥፍር ሥር፣ በጣቶች መካከል፣ እንብርት ውስጥ። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ይታጠባል፣ በሳምንቱ ይደገማል። እጅ ከታጠቡ እጅ ላይ እንደገና ይቀባ። ቤተሰቡ በሙሉ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን ይቀባ። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ይታጠብ። የማይታጠበው ፌስታል ውስጥ ታስሮ ቢያንስ ለ3 ቀን ይቀመጥ፤ ተባይዋ ከሰው ገላ ውጭ ብዙ አትቆይም። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም ለሳምንታት ሊቀጥል እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩ። ካልነገራችሁ በየቀኑ ደጋግመው ይቀቡና ቆዳቸውን ያቃጥሉታል።

ጭርት። መሐሉ የጠራ ቀለበት፣ ዳሩ የሚፈረፈር። ስቴሮይድ ከተቀባበት ማሳከኩ ይቀንሳል፣ ቀለበቱም ይደበዝዛል፣ ፈንገሱ ግን ይሰፋል። «አለርጂ» ተብሎ የተላከው ታካሚ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የልጆች ራስ ላይ ሲሆን ፀጉሩ ተሰባብሮ ቦታው ይመለጣል። ያኔ ቅባት ብቻውን አይደርስበትም፤ ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሆነ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ነጣ ያሉ ምልክቶች። ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ለምጽ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ነው፣ አይፈረፈርም፣ ስሜቱ ደህና ነው፣ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝ ይወጣል፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቋቁቻ ደረትና ጀርባ ላይ ነው፣ በጥፍር ሲፋቅ ደቃቅ ፍርፋሪ ያወጣል። ከንጽሕና ጉድለት አይመጣም፤ ቆዳችን ላይ ከሚኖር እርሾ ነው። ቢድንም ቀለሙ እስኪመለስ ወራት ይወስዳል። የሥጋ ደዌ ይደበዝዛል እንጂ ሙሉ ለሙሉ አይነጣም፣ ስሜት የለውም። ምልክቶቹን ቁጠሩ፤ እስከ 5 ከሆኑ ሕክምናው 6 ወር፣ ከ5 ከበለጡ ወይም ባክቴሪያው በናሙና ከታየ 12 ወር ነው። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ሥልጠና ነበር፤ ዛሬም ከባድ የቆዳ ሕመም ያለበት ሰው ከየክልሉ ወደዚያ ይላካል።

ችፌ። ደረቅ፣ የሚያሳክክ፣ እየቆየ የሚወፍር ቆዳ። ሕፃናት ላይ ጉንጭ፣ ትልልቆች ላይ የክርንና የጉልበት መታጠፊያ። አስምና ሳይነስ ያለበት ቤተሰብ ውስጥ ይበዛል። ከገላ መታጠብ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት የሕክምናው ግማሽ ነው። በዚህ ላይ ግን ስቴሮይድ በትክክል ይሠራል፤ በሐኪም ልክ እስከሆነ ድረስ ታካሚውን አታስፈራሩት።

አልማዝ ባለጭራ። ውኃ የቋጠሩ ምልክቶች በአንድ ጎን ብቻ፣ የነርቩን መስመር ተከትለው። ሕመሙ ከሽፍታው ቀድሞ ይመጣል። ታካሚው በ3 ቀን ውስጥ ከደረሰ መድኃኒቱ የበለጠ ይጠቅማል። የአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን ያሰጋል። ወጣት ላይ ካያችሁ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲሰጠው ጠቁሙ፤ በግል፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ።

ቁንጭር። ደጋ አካባቢ የሚኖር ሰው ፊት ላይ ለወራት የቆየ፣ የማያምም፣ ቅርፊት የያዘ ምልክት። የአሸዋ ዝንብ ነው የምታስተላልፈው፤ ጥገኛ ተሕዋሲው የሚከርመው ደግሞ ሽኮኮ ላይ ነው። ናሙና ያስፈልገዋል፣ ላኩት።

ዝሆኔ። በደጋው ቀይ አፈር በባዶ እግር የኖሩ ገበሬዎች ላይ ከእግር ጀምሮ ወደ ጉልበት የሚወጣ እብጠት። ይህኛው ዓይነት ተላላፊ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። የእሳተ ገሞራ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው ነው። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። እግራቸውን ስታጥቡ ፊታችሁን አታዙሩ። ሽታ አለው፤ እነሱም ያውቁታል።

8. ወረፋ የማይጠብቁት

አዲስ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ኮትሪሞክሳዞል ወይም ፊኒቶይን፣ ከጀመረ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቆዳው የሚያምም፣ የሚላጥ፣ አፉና ዓይኑ የቆሰለ ሰው። መድኃኒቱን ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ሂዱ። በሰዓታት ውስጥ የሚሰፋ፣ የሚያተኩስ እብጠት፤ ዳሩን በእስክሪብቶ አስምሩና ሰዓቱን ጻፉበት፣ መስመሩን ካለፈ ሁሉም ያያል። ከሚታየው በላይ የሚያሠቃይ ቁስል። መግል የቋጠረና መጥባት ያቆመ ሕፃን።

9. ካርዱ ላይ እንዲህ ጻፉ

«ወንድ፣ 34 ዓመት፣ ገበሬ። ቀኝ ክንድ ላይ ከ8 ወር ጀምሮ 1 ምልክት። አያሳክክም። 6 በ4 ሴንቲ ሜትር፣ የደበዘዘ፣ ዳሩ በግልጽ የሚታይ፣ ደረቅ። በጥጥ ሲነካ ስሜት የለም፣ 3 ጊዜ ተሞክሯል። የቀኝ ክርን ነርቭ ወፍሯል። ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ የለም። ከፋርማሲ የተገዛ ክሬም 2 ወር ተቀብቷል፣ ቱቦው ታይቷል፦ ቤታሜታዞን።»

ከሥሩ የሰውነት ሥዕል ሳሉና ቦታውን አጥቁሩ። ቀን፣ ፊርማ። ስለ በሽታው ያላችሁን ግምት ከፈለጋችሁ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ ከጥያቄ ምልክት ጋር።